የዲፒ ወርልድ ቱርን የውድድር ዘመን ከመክፈቻ እስከ ፍጻሜ እንዴት እንከታተል

የወንዶች ፕሮፌሽናል ጎልፍን መከታተል የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ይተወዋል። በየሳምንቱ አገሩ ይቀየራል፣ ሜዳው ይቀየራል፣ አሸናፊውም ይቀየራል። በዲፒ ወርልድ ቱር፣ ማለትም በዋናው የአውሮፓ የወንዶች ጎልፍ ተከታታይ ውድድር፣ በዓመት ከ40 በላይ ውድድሮች አሉ፤ አሸናፊውን ብቻ የሚያይ ሰው 150 ያህል ተጫዋቾች ከተሰለፉበት ሳምንት የሚያውቀው የአንዱን ዕጣ ነው።

ዘመኑን አያይዘው የሚይዙት መስመሮቹ፣ ማለትም የሚያልፈውን ከማያልፈው የሚለዩት ደረጃዎች፣ ናቸው። በየሳምንቱ ዓርብ የሚቆረጠው መስመር አለ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የ110ኛው አካባቢ፣ የ70ኛው፣ የ50ኛውና የአሥሩ መስመሮች ይመጣሉ። ቀጥሎ የምናየው እነዚህን መስመሮች ይዞ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን እንዴት መከታተል እንደሚቻል ነው።

መጀመሪያ የዓመቱን ቅርጽ ያዙ

ዲፒ ወርልድ ቱር በ1972 የአውሮፓ ቱር ሆኖ የተጀመረ ነው (ከመጨረሻው አንቀጽ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከ2022 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ እንግሊዝ ውስጥ ዌንትወርዝ ነው። መሠረቱ የአውሮፓ ይሁን እንጂ ዓመቱ የሚከፈተው ከአውሮፓ ውጭ ነው። በኅዳር አጋማሽ አውስትራሊያ ይጀምርና ወደ ደቡብ አፍሪካና ሞሪሽየስ ይሻገራል። በጥር የባሕረ ሰላጤው አገሮች ተራ ነው። ከዚያ አፍሪካና እስያ ይከተላሉ፤ በበጋቸው አውሮፓ፣ በመጨረሻም እንደገና ወደ አቡ ዳቢና ዱባይ ይመለሳል።

ከ2024 ወዲህ ይህ ጉዞ ‘ስዊንግ’ በሚባሉ አምስት ክፍሎች ተከፍሏል። በእያንዳንዱ ክፍል ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ተጫዋች 200,000 ዶላር ይሸለማል። ቀጥሎ ‘ባክ ናይን’ የሚባለው ዘጠኝ ውድድር የያዘ የመኸር ክፍል ይመጣል፤ ማሳረጊያው ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ብቻ የሚገቡባቸው ሁለቱ የፕሌይኦፍ ውድድሮች ናቸው። ለጀማሪ ይህ አከፋፈል ጠቃሚ ነው። ዓመቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመያዝ ከመታገል አንዱን ስዊንግ፣ ማለትም ከአምስት እስከ ስምንት ሳምንት ያለውን ብቻ ወስዶ መጀመር ይሻላል።

በማስታወሻችሁ ላይ ሁሉንም ውድድር አትጻፉ። የሮሌክስ ሲሪስ የሚባሉትን አምስት ትልልቅ ውድድሮች አስፍሩ፦ በጥር የዱባይ ዴዘርት ክላሲክ፣ በሐምሌ መጀመሪያ የስኮትላንድ ኦፕን፣ በመስከረም ዌንትወርዝ ላይ የሚካሄደው የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ በጥቅምት መጨረሻ አቡ ዳቢ፣ ቀጥሎ ዱባይ። ከነሱ ጋር አራቱን ሜጀሮች፣ ማለትም የጎልፍን ታላላቅ ውድድሮች፣ ጨምሩ፦ ማስተርስ፣ የአሜሪካው ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ የአሜሪካ ኦፕን እና ዘ ኦፕን። ሜጀሮቹን ቱሩ ባያዘጋጃቸውም ነጥባቸው ለዓመቱ ደረጃ ይቆጠራል፤ ክብደታቸውም ከፍተኛ ነው። ሮሪ ማክልሮይ ከብዙዎቹ አባላት ባነሰ የውድድር ቁጥር በ2025 ለሰባተኛ ጊዜ የዓመቱ አንደኛ መሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በዚያው ዓመት ማስተርስን አሸንፏል።

ሰዓቱን አስተካክሉ

ብዙ ሰው የመጨረሻውን ዙር የሚያመልጠው እዚህ ላይ በሚሠራ ስሕተት ነው። የቱሩ መተግበሪያ የመነሻ ሰዓቶችን በውድድሩ አገር ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ ያስፈልጋል። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ በዱባይ 10:40 የሚነሳ ተጫዋች ለእኛ ከጠዋቱ 3:40 ላይ ይመታል። ኬንያ ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ብሪታንያ በበጋዋ በሁለት፣ በክረምቷ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። አውሮፓውያን ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቅዳሜ የያዛችሁት ልዩነት እሑድ አይሠራም። ማስተርስ ደግሞ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ አሸናፊው አረንጓዴውን ኮት ሲለብስ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ቀኑም ሰኞ ሆኗል። ብሪስቤን በተቃራኒው በሰባት ሰዓት ስለምትቀድም የሐሙስ ጠዋት ጨዋታዋ የሚጀምረው በእኛ ረቡዕ ምሽት ነው።

የውጤት ሰሌዳውን ማንበብ

ሰሌዳው ላይ የሚታየው ቁጥር ከፓር፣ ማለትም ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት፣ ያለው ልዩነት ነው። -9 ማለት ከተጠበቀው በዘጠኝ ምት ያነሰ ማለት ስለሆነ ዝቅተኛው ቁጥር ይመራል። ከደረጃው ቁጥር በፊት ‘ቲ’ ፊደል ካለ ደረጃውን የሚጋሩ አሉ። ከተጫዋቹ የቀዳዳ ቁጥር አጠገብ ኮከብ ካያችሁ የጀመረው ከ10ኛው ቀዳዳ ነው። ኮከቡን አለማየት ብዙ ያሳስታል፤ 14 ቀዳዳ የጨረሰ ሰው የቀሩት ከ15 እስከ 18 ያሉት ሳይሆኑ ከ6 እስከ 9 ያሉት ናቸው፤ በአንዳንድ ሜዳ ይህ ልዩነት ሁለት ምት ያህል ዋጋ አለው።

ሐሙስና ዓርብ ተጫዋቾች በሦስት በሦስት ሆነው ይወጣሉ። ሐሙስ ጠዋት የተጫወተ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይጫወታል፣ ሌላው ግማሽ በተቃራኒው። በስኮትላንድና በአየርላንድ የባሕር ዳር ሜዳዎች ይህ ዕጣ ትልቅ ነገር ነው። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ቢበረታ ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳውን የሞሉት ስሞች የተሻሉ ተጫዋቾች ላይሆኑ ይችላሉ፤ የተሻለ አየር ያገኙ ናቸው። ስለዚህ ከሐሙስ ውጤት አትፍረዱ፤ ሁሉም አንዳንድ ጠዋትና አንዳንድ ከሰዓት በኋላ የተጫወቱት ዓርብ ማታ ላይ ነው።

መስመሮቹ

የመጀመሪያው ከት ነው። ከ36 ቀዳዳ፣ ማለትም ከሁለት ዙር በኋላ የመጀመሪያዎቹ 65 ተጫዋቾችና ከ65ኛው ጋር እኩል ያላቸው ይቀጥላሉ፤ ሌላው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ የሽልማት ገንዘብም አያገኝም። የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉንና የካዲውን (የዱላ ተሸካሚውን) ወጪ ግን የከፈለው ራሱ ነው። ሽልማቱ 2.5 ሚሊዮን ዶላር በሆነ ውድድር አሸናፊው 17 በመቶውን፣ ማለትም 425,000 ዶላር ይወስዳል፤ ከቱን አልፎ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያገኘው ጥቂት ሺሕ ዶላር ነው። ለዚህ ነው ዓርብ ከሰዓት በኋላ መሪዎቹን ትቶ ከ60ኛ እስከ 75ኛ ያሉትን ማየት የሚያስቆጭ የማይሆነው። መተግበሪያው የሚያሳየው መስመር ግምት ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ነፋስ ሲነሳ በአንድ ምት ይላላል፣ ጠዋት ጨርሶ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሆቴል ተቀምጦ ያልፋል።

ሁለተኛው መስመር የሥራ መስመር ነው። በዓመቱ የነጥብ ደረጃ፣ ‘ሬስ ቱ ዱባይ’ በሚባለው፣ ከ110ኛ ትንሽ ወረድ ብሎ የሚያርፈው መስመር ለቀጣዩ ዓመት ሙሉ የመጫወቻ ፈቃድ የሚያገኘውንና የማያገኘውን ይለያል። ትክክለኛ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ጥቂት ስለሚለዋወጥ በዘመኑ መጀመሪያ ከቱሩ ድረ ገጽ ተመልክታችሁ ጻፉት። ከመስመሩ በታች የቀረ ሰው መንገዱ ወደ ማጣሪያው ነው። የማጣሪያው የመጨረሻ ምዕራፍ ስፔን ውስጥ ታራጎና አቅራቢያ ኢንፊኒተም ላይ ይካሄዳል፤ ስድስት ዙር፣ 108 ቀዳዳ ነው። 156 ሰዎች ጀምረው የመጀመሪያዎቹ 20ና እኩዮቻቸው ፈቃድ ያገኛሉ። ከታችኛው ቱርም፣ ቀድሞ ቻሌንጅ ቱር፣ አሁን ሆቴልፕላነር ቱር ከሚባለው፣ በየዓመቱ ጥሩ የሠሩ ይወጣሉ።

ይህን መስመር ለመረዳት የጣሊያናዊውን ማቴዎ ማናሴሮን ጉዞ መከተል ይበቃል። በ2013 ዌንትወርዝ ላይ ሲያሸንፍ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ጨዋታው ተበላሸና በ2018 መጨረሻ ፈቃዱን አጣ። በታችኞቹ ቱሮች ለዓመታት ሲለፋ ቆይቶ በ2023 በቻሌንጅ ቱር ተመልሶ ወጣ። በማርች 2024 ጆሃንስበርግ ላይ ከ2013 ወዲህ የመጀመሪያውን ድል አገኘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካውን ፒጂኤ ቱር ፈቃድ ካገኙት አሥር ሰዎች አንዱ ሆነ። በድል ሳምንቱ ብቻ ያየው ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መስመር ዜና ነው።

ይህ ወደ አሥሩ ያደርሰናል። ከ2023 ጀምሮ በዓመቱ ደረጃ ከፍ ያሉ፣ የአሜሪካው ቱር ፈቃድ የሌላቸው አሥር ተጫዋቾች ፈቃዱን ያገኛሉ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው፤ መስመሩ 10ኛ ደረጃ ላይ አይደለም። ከላይ ያሉት ብዙዎቹ ፈቃዱ አስቀድሞ ስላላቸው ከቆጠራው ይወጣሉ፤ የመጨረሻው ዕድለኛ ከ10ኛ በብዙ ወርዶ ሊገኝ ይችላል። በኅዳር መስመሩን ራሳችሁ ለማስላት ደረጃውን ከላይ ወደ ታች እያነበባችሁ ፈቃድ ያላቸውን ሰርዙ፤ ያልተሰረዙት አሥር ሲሞሉ መስመሩ እዚያ ነው።

ሜዳው የሚያመጣው ለውጥ

ለእኛ ቅርብ የሆነው ውድድር በየካቲት ናይሮቢ ላይ የሚካሄደው የኬንያ ኦፕን ነው። እስከ 2018 የቻሌንጅ ቱር ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ ወደ ዋናው ቱር አድጓል። የሚካሄድባቸው የሙታይጋም ሆነ የካረን ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ይበልጣሉ። አየሩ ሲሳሳ ኳሱን የሚይዘው ግፊት ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የምቱ ርቀት ከ1 በመቶ ትንሽ በላይ ይጨምራል ብሎ ማስላት ይቻላል። በባሕር ዳር 150 ሜትር የሚሄድ ምት ናይሮቢ ላይ ወደ 160 ይጠጋል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ከግሪኑ (ቀዳዳው ካለበት አጭር ሣር) አልፎ የሚወድቅ ኳስ ብታዩ ተጫዋቹ አልቻለም አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ የዱላ ምርጫው ገና አልተስተካከለም። ባለፈው ሳምንት በባሕር ዳር ሜዳ የተጫወተ ሰው ይበልጥ ይቸገራል፤ በጆሃንስበርግ ከፍታ ያደጉ ደቡብ አፍሪካውያን ግን ይህን ስሌት በልጅነታቸው የለመዱት ነው። በ2025 ሙታይጋ ላይ ያሸነፈው ዣክ ክራይስዋይክ ደቡብ አፍሪካዊ ነበር።

ማስታወሻ አያያዝ

አንድ ገጽ ይበቃል። ስድስት ተጫዋች ምረጡ፤ ሁሉንም ከላይ አትምረጡ። ሁለት ከመጀመሪያዎቹ 20፣ ሁለት ከ60ኛ እስከ 80ኛ ካሉት፣ አንድ ከ110ኛ አካባቢ፣ አንድ ደግሞ ከማጣሪያው ወይም ከታችኛው ቱር አዲስ የመጣ። በየሰኞው ለእያንዳንዳቸው አራት ነገር ጻፉ፦ ከቱን አለፈ ወይስ አላለፈም፣ በስንተኛ ጨረሰ፣ በሬስ ቱ ዱባይ ስንተኛ ሆነ፣ ከሚመለከተው መስመር በስንት ነጥብ ይርቃል። ዶላሩን መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ደረጃው የሚቆጠረው በነጥብ ነው። ያልተጫወተበትን ሳምንት ባዶ አትተዉ፤ ‘አልገባም’ ወይም ‘አርፏል’ ብላችሁ ለዩ። ዝቅ ያለ የመግቢያ ቅድሚያ ምድብ ያለው ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚቀረው ስላልተፈቀደለት ነው፤ ተጠባባቂ ሆኖ የሚቀመጥበት ሳምንት በነጥብ ሠንጠረዡ ላይ አይታይም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት

አቡ ዳቢ ያስ ሊንክስ ላይ የሚገቡት የመጀመሪያዎቹ 70 ናቸው፤ ወደ ዱባይ የሚያልፉት 50። ከት የለም፤ ሁሉም አራቱን ዙር ይጫወታል። ነጥቡ ከተራ ሳምንት እጅግ ስለሚበልጥ የዓመቱ ስሌት እዚህ ይገለበጣል። ፖል ዌሪንግ በ2024 አቡ ዳቢ ላይ ባሸነፈበት አንድ ሳምንት ከአሥሩ ውጭ ከነበረበት ዘልሎ የአሜሪካውን ፈቃድ አገኘ። እሑድ ዕለት ሁለት ሰሌዳ ክፈቱ፤ አንዱ የውድድሩ፣ ሌላው እየተሰላ የሚቀያየረው የዓመቱ ደረጃ።

ዱባይና አቡ ዳቢ የምትኖሩ እነዚህን ሳምንታት፣ የጥር ወሩንም ዴዘርት ክላሲክ ጨምሮ፣ በአካል ማየት ትችላላችሁ። የመግቢያውን ሁኔታ አስቀድማችሁ ከውድድሩ ድረ ገጽ እዩ፣ ስልካችሁን ድምፅ አልባ አድርጉ፤ ጫማችሁ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ምክንያቱም አንድን ቡድን መከተል ማለት ከአራት ሰዓት በላይ መራመድ ነው። የዱባዩ ማሳረጊያ በሚካሄድበት የጁሜይራ የኧርዝ ሜዳ መጨረሻ ላይ 18ኛውን ቀዳዳ ያዙ። ረጅም ፓር አምስት ነው፣ ሜዳውን ለሁለት የሚከፍል የውኃ መውረጃ አለው። በ2025 ማክልሮይ እዚያው ላይ ኢግል (ከፓር በሁለት ምት ያነሰ) አስቆጥሮ ማት ፊትዝፓትሪክን ደረሰበት፤ በመለያው ግን በዚያው ቀዳዳ ኳሱ ውኃ ገባና ዋንጫው የፊትዝፓትሪክ ሆነ።

ያ ጨዋታ ያለቀው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 7 ቀን 2018 ነው። አዲሱ ዘመን ብሪስቤን ላይ የተከፈተው ከ11 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 18 ነው። በዚህች አጭር ክፍተት ገጹን ዝጉና አዲስ ክፈቱ። ነጥቡ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል፤ ከስድስቱ ተጫዋቾቻችሁ ፈቃዱን ያጣውን አታውጡት፣ በታችኛው ቱር ተከተሉት፤ በእሱ ቦታ ከማጣሪያው ያለፈ አንድ አዲስ ስም ጨምሩ።