የኩባን የሚሳይል ቀውስ በሰዓት እንዴት እናጥናው?

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ የኑክሌር ሚሳይል በመትከሏ የተነሳውን የ1962ቱን ቀውስ ሲተርኩልኝ እንደ ቡጢ ግጥሚያ ነው፦ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ጠነከረ፣ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ፈራ፣ አለቀ። እኔም ወረቀት አውጡ እላቸዋለሁ። የማሠራቸው ሥራ ብቻውን ለሚያጠና ሰውም ስለሚሆን እነሆ።

ሰፊ ወረቀት አግድም አስቀምጡና ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ዋሽንግተን፣ ሞስኮ፣ ሃቫና። ሃቫናን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ሚሳይሉ የተተከለው እዚያ መሆኑ ይረሳል መሰለኝ። በስተግራ ቀንና ሰዓት ይገባል። ቀኑ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሁን፤ ካልሆነ ሰነዶቹን ስታገናዝቡ ትደናበራላችሁ።

የሰዓት ልዩነቱን ቀድማችሁ አስተካክሉ። ሞስኮ ያኔ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድም ነበር። ኦክቶበር 28 ሌሊት ግን አሜሪካ ከበጋ ሰዓት ወደ መደበኛው ስለተመለሰች ልዩነቱ 8 ሆነ። ክሩሽቼቭ ሚሳይሎቹን እንደሚያነሳ በሬዲዮ ያስነገረውም በዚያው ቀን ነው፤ ሞስኮ 17:00፣ ዋሽንግተን 9:00።

አሁን ወደ መሙላቱ። ሕጉ አንድ ነው፦ በየዓምዱ የሚገባው በዚያ ከተማ የነበሩት ሰዎች በዚያ ሰዓት ያወቁት ብቻ ነው። በኋላ የተገለጠ ነገር ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ጠርዝ ላይ ይጻፋል።

ለምሳሌ ዩ-2 የተባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ሚሳይሎቹን ፎቶ ያነሳው ኦክቶበር 14 ነው። ተማሪ ሁሉ እዚህ ቀን ላይ «ዋሽንግተን አወቀች» ብሎ ይጽፋል። አላወቀችም። ባለሙያዎች ፎቶውን የለዩት በ15 ሲሆን፣ ኬኔዲ የተነገረው በ16 ጠዋት ነው። ከዚያ ኬኔዲ በ22 ምሽት በቴሌቪዥን ቀርቦ በኩባ ላይ የባሕር እገዳ መጣሉን እስኪያስታውቅ ድረስ ደግሞ ሞስኮ ምስጢሯ መውጣቱን አታውቅም። በ18 የሶቪየቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ግሮሚኮ ዋይት ሀውስ ተቀምጦ ለኩባ የሚሰጠው እርዳታ ለመከላከያ ብቻ ነው ሲል፣ ኬኔዲ ፎቶዎቹን ሳያሳየው አዳመጠው። ይህን በሁለቱም ዓምድ ለየብቻ ጻፉት፤ አንዱ ስብሰባ ሁለት የተለያዩ ስብሰባዎች ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በ24 ከመርከቦቹ ጋር የተያያዘ አንድ ታዋቂ ትረካ አለ፤ ሁለቱ ወገኖች ባሕር ላይ ተፋጠው ሶቪየቶቹ በመጨረሻዋ ደቂቃ ወደ ኋላ አሉ የሚል። ካርታ ዘርጉና አስሉት። ሚሳይል የጫኑት መርከቦች ከአንድ ቀን በፊት ዞረው፣ ከእገዳው መስመር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ነበር። ይህ ቀይ ነው፤ ዋሽንግተን በሰዓቱ አላወቀችውምና።

ብዙ ጊዜ የምትወስዱት በ26 እና በ27 ላይ ይሁን። በ26 የክሩሽቼቭ ረጅም ደብዳቤ ሞስኮ ላለው የአሜሪካ ኤምባሲ የደረሰው 16:43 ላይ ነው፤ ዋሽንግተን ገና 9:43። ተተርጉሞ፣ በምስጢር ኮድ ተቀይሮ፣ ቁርጥራጭ እየሆነ ዋሽንግተን መድረስ የጀመረው ወደ 18:00 ገደማ ሲሆን መጨረሻው የገባው ወደ 21:00 ነው። ከሞስኮ ዓምድ ወደ ዋሽንግተን ዓምድ ሰያፍ መስመር ሳቡለት። በሌላ በኩል በዋሽንግተን የሶቪየቱ አምባሳደር ዶብሪኒን መልእክቱን በኮድ ካስጻፈ በኋላ ለቴሌግራም ድርጅቱ ለዌስተርን ዩኒየን ይደውላል፣ አንድ ወጣት በብስክሌት መጥቶ ይወስድለታል። የዓለም ዕጣ በፔዳል ሲሄድ አስቡት! በ1963 ሁለቱ አገሮች ቀጥታ መስመር ለመዘርጋት የተስማሙት ለምን እንደሆነ ከዚህ ሰያፍ መስመር በላይ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

በ27 የሞስኮ ሬዲዮ ሌላ ደብዳቤ አሰማ፤ በቱርክ ያሉት የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳይሎችም ይነሱ የሚል። በዚያው ቀን የሻለቃ አንደርሰን ዩ-2 ኩባ ላይ ተመትቶ ወደቀ። «ሞስኮ መታችው» ብላችሁ ግን ሞስኮ ዓምድ ውስጥ እንዳትጽፉ፤ የወሰኑት ኩባ ያሉ የሶቪየት አዛዦች ናቸው፣ ክሩሽቼቭን ሳያስፈቅዱ። የአሜሪካ መርከቦች ያሳደዱት ቢ-59 የተባለ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ የኑክሌር ቶርፔዶ መያዙም ቀይ ነው። ቀዩ በዚህ ቀን ከጥቁሩ ይበዛል። ኩባ ትወረር እያሉ ይገፉ የነበሩት የኬኔዲ አማካሪዎች ኩባ ውስጥ ከ40,000 በላይ የሶቪየት ወታደር መኖሩን አያውቁም ነበር፤ ግምታቸው ወደ 10,000 ነው።

ማታ ላይ የዋሽንግተንን ዓምድ ለሁለት ክፈሉት። የፕሬዝዳንቱ ወንድም ሮበርት ኬኔዲ ዶብሪኒንን አግኝቶ ጁፒተሮቹ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚነሱ፣ ነገር ግን በይፋ እንደማይነገር አረጋገጠለት። ይህን ያወቁት ጥቂት የቅርብ ሰዎች ናቸው፤ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚከራከሩት ሌሎቹ አማካሪዎች አልሰሙም። ስምምነቱ ለዓመታት ተደብቆ ስለቆየ የባለሥልጣናቱን ትዝታ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ አንብቡ። መጀመሪያ ደብዳቤዎቹን፣ ቀጥሎ ኬኔዲ በስውር ያስቀዳቸውን የስብሰባ ቅጂዎች ጽሑፍ። ጁፒተሮቹ በአፕሪል 1963 ተነስተው አልቀዋል።

ወረቀቱን በ28 ላይ አትዝጉት። የኩባው መሪ ካስትሮ ስምምነቱን እንደማንኛውም ሰው ከዜና ነው የሰማው፤ ተናደደ፣ መርማሪዎች ኩባ እንዳይገቡም ከለከለ። የባሕር እገዳው የተነሳው ኖቬምበር 20 ነው። ቀውሱ «13 ቀን» ፈጀ የሚባለው ከ16 እስከ 28 ያለው የዋሽንግተን ቆጠራ ነው፤ የሃቫና ዓምድ ከዚያ በጣም ይረዝማል።

ይህን የጨረሰ ተማሪ ወደ 1956ቱ የሱዌዝ ቀውስ ይሻገራል። እዚያ ዓምዶቹ ቢያንስ ስድስት ናቸው፦ ካይሮ፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ እስራኤል፣ ዋሽንግተን፣ ሞስኮ። ሞስኮ በዚያው ሳምንት ቡዳፔስት ውስጥ ታንክ እያስገባች ስለሆነ ዓምዷን ሰፋ አድርጉት። ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና እስራኤል ግብፅን ለመውረር ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ላይ የተፈራረሙትን ምስጢራዊ ውል የት እንደምታስገቡት ግን አስቡበት፦ ሦስቱ ዓምዶች በጥቁር ያውቁታል፣ የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢደን ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ሰው ወደ ፓሪስ ልኮ ነበር፣ የእስራኤሉ ቅጂ ግን ተረፈ። ለአሜሪካው ፕሬዝዳንት ለአይዘንሃወር ዓምድ ግን በቀይ ነው።