ከቤት እመቤት እስከ ሞግዚት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የቃል አጠቃቀም ስህተቶች

«የቤት እመቤት»ን ሥራ አጥ ማድረግ። ቅጽ ሲሞላ «ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ «የላትም» ተብሎ ይታለፋል። ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ ፈልጎ ያጣ ሰው ነው። ያለ ደመወዝ ቤቷን የምታስተዳድር ሴት የቤት እመቤት ናት፤ እንደዚያው ይጻፍ። ቃሉ ለወንድ አይሆንም። «አባወራ» ብሎ መተካትም አያዋጣም፤ አባወራ የቤተሰብ ኃላፊ ነው እንጂ ወጥ ይሥራ ልብስ ይጠብ ቃሉ አይናገርም። አንድ ቃል ፍለጋ ከመጨነቅ «የቤቱን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው» ማለት ይበቃል።

ያገባችውን ሁሉ «እማወራ» ማለት። እማወራ ቤተሰቡን በኃላፊነት የምትመራ ሴት ናት፦ ባሏ የሞተባት፣ የፈታች ወይም ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ።

«ባለቤት»ን ሳያጠሩ መተው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ንብረት ያለውም የትዳር ጓደኛም ባለቤት ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚለየው ግሱ ነው። «ባለቤቱ ፈቀደች» ካልን የእሱ ሚስት ናት፤ «ባለቤቱ ፈቀደ» ካልን የንብረቱ ጌታ ነው። «ባለቤቷ ፈቀደ» ባሏ ነው፤ «ባለቤቷ ፈቀደች» ንብረቱ የእሷ የሆነ ሴት ናት። በአክብሮት «ባለቤቱ ፈቀዱ» ስንል ግን ልዩነቱ ይጠፋል። በኪራይ ውል ላይ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጠብ ይወልዳል፤ እዚያ «አከራይ»፣ «ባል» ወይም «ሚስት» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

«ገረድ» እና «አሽከር»። የድሮ ታሪክ ካልተጻፈ በቀር ሁለቱም ዛሬ ስድብ ናቸው። «የቤት ሠራተኛ» ለሴትም ለወንድም ይሆናል። «ደንገጡር» ደግሞ የእመቤት የቅርብ አገልጋይ ስለሆነች ለማንኛዋም ሠራተኛ አትሰጥም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፦ «እንደ ልጃችን ናት» እያሉ ሠራተኛነቷን መሸፈን። በ2011 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ የሚለው በቅጥር ግንኙነት የቤት ውስጥ ሥራ የሚሠራን ሰው ነው። ፍቅሩ ጥሩ ነው፤ ደመወዝና ዕረፍት የሚጠየቀው ግን በ«ልጅነት» ሳይሆን በሠራተኛነት ነው።

«ሞግዚት»ን በሕግ ሰነድ ላይ ለልጅ ጠባቂ መጠቀም። በቤት ቋንቋ ልክ ነው። በሕግ ግን ሞግዚት አካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ ወክሎ የሚሠራ ሰው ነው። በቅጥር ውል ላይ «ልጅ የምትንከባከብ ሠራተኛ» ይባል።

የቅጥር ማስታወቂያ ላይ «የቤት ሠራተኛ እንፈልጋለን» ብቻ ብሎ መተውም ለሁለቱም ወገን ጊዜ ማባከን ነው። ማታ ወደ ቤቷ የምትሄደው ተመላላሽ፣ እዚያው የምታድረው አዳሪ ትባላለች። ምግብ ማብሰል፣ ማጠብና ልጅ መያዝም የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ የሚፈለገው ተለይቶ ይጻፍ።