የስሜት ህዋሳታችሁን ሲሳሳቱ እንዴት ትይዟቸዋላችሁ?

ዓይን ያያል፣ ጆሮ ይሰማል ሚለውን ሁላችንም ተምረናል፣ ግን እንዴት እንደሚሰሩ ማየት ከፈለጋችሁ ቀላሉ መንገድ ሲሳሳቱ መያዝ ነው፣ በትክክል ሲሰሩማ መኖራቸውም ትዝ አይለን። ሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እስኪሪብቶ፣ ሶስት ሳህን ውሃ፣ ከረሜላ፣ ሚሽከረከር ወንበርና አንድ ትግስት ያለው ሰው ነው።

ከዓይን እንጀምር። ወረቀት ላይ በግራ በኩል የመደመር ምልክት አድርጉ፣ ከሱ 8 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ቀኝ ራቅ ብላችሁ ወፈር ያለች ነጥብ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑና በቀኙ መደመሯን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ከሩቅ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊታችሁ አምጡት፣ 30 ሴንቲሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቧ ብን ብላ ትጠፋለች! ካልጠፋች ዓይናችሁ ሰርቆ እያያት ነው (እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነው የሆንኩት)። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ከዓይን ጀርባ ያለው ሬቲና ሚባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ላይ ነርቩ ተሰብስቦ ወደ አንጎል ሚወጣበት ቦታ አለ፣ እዛች ቦታ ላይ ብርሃን ሚቀበል ሴል የለም። ፈረንሳዊው ኤድም ማርዮት እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ ነው ይሄን ያገኘው። እኔን ሚገርመኝ ግን መጥፋቷ ሳይሆን በቦታዋ ጥቁር ቀዳዳ አለመታየቱ ነው፣ ነጭ ወረቀት ነው ሚታያችሁ፣ አሁን ደሞ በነጥቧ ላይ ሚያልፍ መስመር ከግራ ቀኝ ስባችሁ ድገሙት፣ መስመሩ ሳይቆረጥ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ማለትም አንጎል የጎደለውን ከዙሪያው አይቶ ሞልቶታል፣ እናንተን ግን አላማከረም።

ማታ ደሞ ብርሃን የሌለበት ቦታ 20 ወይ 30 ደቂቃ ቆዩና ደብዘዝ ያለች ኮከብ ፈልጉ። ትክ ብላችሁ ስታዩዋት ትጠፋለች፣ ከጎኗ ስታዩ ትመጣለች። የሬቲናው መሃል ቀለምና ዝርዝር ሚለዩት ሴሎች ብቻ ናቸው ያሉት፣ በጨለማ ሚሰሩት ከመሃሉ ወጣ ብለው ስለሆነ ነው።

ጆሮ ጋ ስንመጣ መስማት ግማሽ ስራው ነው። ይሄን ጽሁፍ ሳታንቀሳቅሱ ጭንቅላታችሁን ግራ ቀኝ እየነቀነቃችሁ አንብቡት፣ ይነበባል አይደል? አሁን ጭንቅላታችሁን አቁሙና ስልኩን በዛው ፍጥነት አወዛውዙት፣ ድብዝዝ ይላል። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ሶስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፣ ጭንቅላት ሲዞር እነሱ ናቸው ዓይንን ወደ ተቃራኒው ዙር ሚሉት፣ ስልኩ ሲወዛወዝ ግን ምንም ሚያውቁት የለም። ወንበሩ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰውየው እኩል ፍጥነት ላይ ያሽከርክራችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ የቆማችሁ ይመስላችኋል፣ ሲያቆማችሁ ደሞ ወደ ተቃራኒው ምትዞሩ ይመስላችኋል፣ ምክንያቱም ፈሳሹ መጀመሪያ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር ከዛ ከቱቦው ጋ እኩል ሆነ፣ ስትቆሙ ግን እሱ ገና እየሄደ ነው። ካቅለሸለሻችሁ ተዉት።

የመስማቱን ደሞ እናንተ ዓይን ጨፍናችሁ ሰውየው ቢያጨበጭብ ይበቃል፣ ከግራና ከቀኝ ሲመጣ ወዲያው ታውቃላችሁ፣ ልክ ከፊት ወይ ልክ ከኋላ ሲያጨበጭብ ግን ሁለቱም ጆሮ ጋ እኩል ስለሚደርስ ትደናገራላችሁ። የጆሮ ማዳመጫ ድምጽ እስከ ጥግ ከፍታችሁ እንዳትሞክሩ ግን፣ ድምጽን ወደ ነርቭ ሲግናል ሚቀይሩት የውስጥ ጆሮ ሴሎች አንዴ ከሞቱ ሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም።

ቆዳ፦ አንዱ ሳህን ሙቅ (ማያቃጥል)፣ አንዱ ቀዝቃዛ፣ መሃለኛው ለብ ያለ ውሃ። ሁለቱን እጃችሁን ዳርና ዳር አንድ ደቂቃ አቆዩና አንድ ላይ መሃለኛው ውስጥ ክተቱ፣ አንዱ እጅ ቀዘቀዘኝ ሌላው ሞቀኝ ይላል፣ ያው አንድ ውሃ ሆኖ። ቆዳ ቴርሞሜትር አይደለም፣ ከቅድሙ ምን ተለወጠ ብሎ ነው ሚያወራው። ሁለት እስኪሪብቶ ጫፍ ለጫፍ አቀራርባችሁ ደሞ ጀርባ ላይ ብታስነኩ አንድ ነገር ነው ሚመስለው፣ ጀርባ ላይ ሁለት መሆናቸው እንዲታወቅ ወደ 4 ሴንቲሜትር መራራቅ አለባቸው፣ ጣት ጫፍ ላይ 2 ወይ 3 ሚሊሜትር ይበቃል።

መጨረሻ ላይ ከረሜላው። አፍንጫችሁን ይዛችሁ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳታዩ አፍ ውስጥ አድርጉት፣ ጣፋጭ ወይ ኮምጣጣ ብቻ ነው ምትሉት፣ አፍንጫውን ስትለቁት ብርቱካን ይሁን እንጆሪ ያኔ ይመጣል። ጣዕም ምንለው አብዛኛው ሽታ ነው፣ በጉሮሮ ኋላ በኩል ወደ አፍንጫ ሚወጣ። ያቺ የምላስ ካርታ ደሞ፣ ጫፉ ለጣፋጭ ኋላው ለመራራ ሚሏት፣ ስህተት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1901 የወጣ የጀርመንኛ ጥናት በደንብ ሳይነበብ የተሳለች ናት። ካላመናችሁ ጨው በጥጥ ነክራችሁ ጫፉ ላይ አድርጉ፣ ከዛ አፋችሁን ተጉመጥመጡና ስኳር ወደ ኋላ በኩል ሞክሩ፣ በጣም ወደ ውስጥ አትግቡ ብቻ፣ ያስመልሳችኋል።