ዘበኛው የቤቱን ልጅ ሲመታ፦ ታይፕ 1 ስኳር ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ምልክቱ

ልጁ ሌሊት እየተነሳ ውሃ ይጠጣል። ሽንት ቤት ይመላለሳል። አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ ስንት ዓመቱ፣ አሁን እንደገና ጀምሯል። ይበላል፣ ግን ይከሳል፤ የዩኒፎርሙ ሱሪ ከወገቡ አልቆም ብሏል። የሸናበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ ያዩ እናቶችም አሉ።

ብዙ ቤት ቶሎ የሚባለው "ኢሚዩኒቲው ወርዶ ነው" ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር ይቀርባል። እባካችሁ በዚህ ቀን አታቃጥሉ። የሰውነቱ በሽታ መከላከያ አልደከመም፤ የገዛ ወገኑን እየመታ ነው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ የደም ስኳሩን አስለኩ። ከጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ይበቃል። ካስመለሰው፣ ሆዱን ከቆረጠው፣ በጥልቀት ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ለነገ አይባልም።

ምክንያቱ

ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብሎ ታይመስ የሚባል እጢ አለ። ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያው ነጭ የደም ሴሎች ወገንና ባዳ መለየት የሚማሩት እዚያ ነው። ኤየር የሚባል ጂን የሌላ አካል ፕሮቲኖችን በናሙና መልክ እዚያ ያወጣል፤ የቆሽቱን ኢንሱሊን ጨምሮ። ናሙናው ላይ አጥብቆ የሚነሳ ቲ ሴል አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይሞታል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ታይመስ ኢንሱሊን የሚያወጣው ስኳር ለመቆጣጠር ሳይሆን ለማስተማሪያ ነው። በተፈጥሯቸው ይህን ናሙና በትንሹ የሚያወጡ ሰዎች ለታይፕ 1 ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ከዚህ ወንፊት የሚያመልጥ አይጠፋም። ያመለጠውን የሚያረጋጉ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች አሉ። ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 አሳያቸው፤ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል በ2001 እነዚህ ሴሎች የሚመሩበትን ፎክስፒ3 የተባለ ጂን አገኙ። ሦስቱም በ2025 ኖቤል ተሸለሙ። ፎክስፒ3 ተበላሽቶባቸው ከሚወለዱ ሕፃናት ብዙዎቹ ገና በጨቅላነታቸው ስኳር ይይዛቸዋል።

ሁለቱም ጥበቃ ሲላላ ኢንሱሊን የሚሠሩት የቆሽት ሴሎች ይጠቃሉ። ከረሜላ አላመጣውም። እናትየዋም ያጠፋችው ነገር የለም።

መፍትሄው

ኢንሱሊን፣ ዕድሜ ልክ። ጸበል የሚሄድ ልጅ መርፌውን ይዞ ይሂድ። "ዛሬ አሞታል፣ አልበላም" ብላችሁ ጨርሶ አታቋርጡ፤ መጠኑን ሐኪም ያስተካክል። ቢያልበውና ቢንቀጠቀጥ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፤ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ፍሪጅ ከሌለ ብልቃጡን ጥላ ውስጥ፣ ውጪው በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ አስቀምጡ። ፍሪጅ ካለ ደግሞ በረዶ ቤቱ ውስጥ አይግባ፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል።

ጥቃቱን ራሱን የሚያበርድ መድኃኒትም መጥቷል። ቴፕሊዙማብ አሜሪካ ውስጥ በ2022 ተፈቅዷል። ምልክቱ ሳይወጣ በደም ምርመራ ለተደረሰባቸው ሕመሙን 2 ዓመት ገደማ ያዘገያል። አያድንም፣ ግን ለአንድ ልጅ 2 ዓመት ያለ መርፌ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢንሱሊኑን በደንብ እየወሰደ ልጁ ከደከመው፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ቁመቱ ከቆመስ? መከላከያው ታይሮይዱንም ነክቶ ሊሆን ስለሚችል አስመርምሩት። ከሆነ ሌቮታይሮክሲን ይታዘዝለታል፤ በቀን አንዴ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ።