ወደ ስሜን ተራሮች ስትሄዱ ጉልበታችሁን መንገድ ላይ እንዳትጨርሱ

ስሜን ተራሮችን በእግር ሊጓዝ ያሰበ ሰው ስለ ጫማው፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ጭላዳው ይጠይቃል። ስለ መንገዱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ሰው አቅሙን የሚጨርሰው ደግሞ ተራራው ላይ ሳይሆን ገና የመጀመሪያው ሰፈር፣ ሳንቃበር፣ ሳይደርስ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎንደር እስከ ፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር አለ፣ ከደባርቅ በኋላ ደግሞ ጠጠር መንገድ ይጠብቃችኋል። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጨርሳችሁ በማግስቱ አቀበት ከጀመራችሁ እግር እምቢ ይላል።

1. ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደውሉ

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ያለውን የጸጥታ ችግር ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ጎንደር ወይም ደባርቅ ያለ ሰው፣ አስጎብኚም ይሁን ሆቴል፣ በዚያው ሳምንት ደውላችሁ ጠይቁ። «አይመከርም» ካሏችሁ ስሟቸው። ተራራው የትም አይሄድም።

2. በአየር ወይስ በመኪና?

አቅም ካላችሁ እስከ ጎንደር በአውሮፕላን ሂዱ። በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ አዘዞ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ታርፋላችሁ። ያተረፋችሁት ጉልበት በኋላ ተራራው ላይ ይከፍላችኋል።

በአገር አቋራጭ አውቶብስ ከሆነ ቀኑ ረጅም ነው። አውቶብሱ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ ማታውን በጊዜ ተኙ፤ ሻንጣ እያሰናዱ እኩለ ሌሊት ማለፍ አያዋጣም። ወንበር ስትይዙ ከፊት በኩል ያዙ፣ የኋላ ወንበር ያንገጫግጫል። የአባይ በረሃን ደግሞ አስቀድማችሁ አስቡት። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ጠመዝማዛ ነው፣ ታች ይሞቃል፣ ጆሮ ይደፈናል። የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ቁልቁለቱ ሲጀምር ስልካችሁን አስቀምጡና ሩቅ ሩቁን እዩ። መድኃኒት የምትወስዱም ከመነሳታችሁ በፊት ነው እንጂ ሆድ ከተገለበጠ በኋላ አይጠቅምም።

ምግብ ላይ ጨከን በሉ። ምሳ ሲቆም ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ይቅርባችሁ፤ ሽሮ ወይም በያይነቱ ይበቃል። ቦርሳችሁ ውስጥ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ይኑር። ውሃ ደግሞ «ሽንት ቤት የለም» ብላችሁ አትተዉ። ብዙ ሰው ደባርቅ ደርሶ ራሱን ሲያመው ከፍታው ነው ይላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ ነው የዋለው።

3. ጎንደር እደሩ

ይሄን አትዝለሉት። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃበር ከ3,200 በላይ፣ ግጭና ጭንቅ የሚባሉት ቀጣዮቹ ሰፈሮች ደግሞ 3,600 አካባቢ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከፍታ ለምዷል፣ ትንሽ ይቀለዋል። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት መጥታችሁ በቀጥታ የምትወጡ ግን ሰውነታችሁ ከባሕር ጠለል አጠገብ ነው የኖረው። አዲስ አበባም ጥቂት ቀን፣ ጎንደርም አንድ ሌሊት ስጡት። በዚያ ምሽት ቢራና አረቄ ባይኖር ደስ ይለኛል።

4. ወደ ደባርቅ በጠዋት

ከመናኸሪያ ሚኒባስ አለ፣ ሲሞላ ነው የሚነሳው። በጠዋት ከሄዳችሁ ቶሎ ይሞላል፣ ከቀትር በኋላ ግን ቁጭ ብላችሁ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። መንገዱ አስፋልት ነው፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ያልፋል። ጃኬት ወይም ጋቢ ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፤ ደባርቅ ስትወርዱ ብርዱ ወዲያው ይቀበላችኋል።

5. ጉዳያችሁን በዚያው ቀን ጨርሱ

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው። የመግቢያ ክፍያው፣ መሣሪያ የያዘው ስካውት (ያለ እሱ መግባት አይቻልም)፣ አስጎብኚው፣ በቅሎና ባለ በቅሎው፣ አብሳይ ከፈለጋችሁም እሱ፣ ሁሉም እዚህ ይያዛል። በማግስቱ ጠዋት እናደርገዋለን ካላችሁ ግማሽ ቀን ይበላል፣ ከዚያ በቀትር ፀሐይ ትጀምራላችሁ። ጥሬ ገንዘብ በእጃችሁ ይኑር፣ ከደባርቅ በላይ ባንክ የለም። ስልካችሁንና ባትሪ ባንካችሁን እዚሁ ሙሉ።

ለበቅሎ የሚሰጠውን ሻንጣ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱትና አፉን እሰሩት። በገመድ ተጠፍሮ ስለሚጫን ይፋተጋል፣ አቧራና ዝናብም አለ። የቀን ውሃ፣ የዝናብ ልብስና መድኃኒት ግን ከራሳችሁ ጀርባ አይለዩ፤ በቅሎዎቹ በሌላ ሰዓት ነው የሚደርሱት።

6. መኪናው የት ያውርዳችሁ?

አንዳንዱ በመኪና እስከ ሳንቃበር ይሄዳል። የእኔ ምርጫ ከሳንቃበር በፊት ባለው ቡይት ራስ ላይ ወርዶ ከዚያ በእግር መሄድ ነው፤ ጠጠሩ ያንገላታውን ወገብ ያፍታታል፣ የገደሉን አፍ ይዛችሁ ስለምትሄዱም ጭላዳዎቹን በመጀመሪያው ቀን ታገኛላችሁ። በዝግታ ሂዱ፣ እያወራችሁ መራመድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ማታ ራስ ምታቱ ካልለቀቃችሁ ወይም ካስመለሳችሁ ለአስጎብኚው ወዲያው ንገሩት፣ በማግስቱ ወደ ግጭ አትውጡ። እየባሰ ከሄደም መውረድ ነው።