የካሉብን ጋዝ ለገበያ ለማብቃት ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሶማሌ ክልል በኦጋዴን በሚገኘው በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። የአሜሪካው ኩባንያ ቴኔኮ ቆፈረ፤ ሶቪየቶች ጨመሩበት፤ በዓለም ባንክ ብድር ፕሮጀክት ተነደፈ፤ የማሌዥያው ፔትሮናስ ገብቶ ወጣ፤ የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል እ.ኤ.አ. በ2013 ፈርሞ በ2022 ውሉ ተቋረጠ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የኤልኤንጂ (በቅዝቃዜ ፈሳሽ የተደረገ የተፈጥሮ ጋዝ) ማምረቻ የተመረቀው መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ዓመት የጎደለው ጋዝ አልነበረም። ድፍድፍ ዘይት በቦቴ ተጭኖ የትም ገዥ ያገኛል፤ ጋዝ ግን ጉድጓዱ፣ ማጣሪያው፣ መጓጓዣውና የገዥው ማቃጠያ በውል ካልተሳሰሩ ባለበት ይቀራል። ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

1. የተነገረውን ክምችት እንደሚሸጥ ጋዝ መቁጠር

እ.ኤ.አ. በ2022 በጥናት ተረጋገጠ ተብሎ ይፋ የሆነው መጠን 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ፊት ነው፤ ወደ 200 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ከመሬት በታች ያለው ነው ወይስ ሊወጣ የሚችለው?

ጋዙ ያለው በካሉብ እና በአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ንጣፎች ውስጥ ነው። ወደ ላይ የሚገፋው የራሱ ግፊት ነው፤ በወጣ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳል፣ የጉድጓዱም ዕለታዊ ምርት አብሮ ይቀንሳል። ጥሩ የጋዝ መስክ ካለው 70 ወይም 80 በመቶ ቢሰጥ ጥሩ ነው፤ ድንጋዩ ጥብቅ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። 7 ትሪሊዮኑ ከመሬት በታች ያለው ከሆነ በ70 በመቶ ሂሳብ የሚወጣው 4.9 ትሪሊዮን ነው። በዚህ ላይ የተረጋገጠ፣ ሊሆን የሚችል እና የመሆን ዕድሉ አነስተኛ የሆነ ተብሎ የሚከፈለው ደረጃ አለ። አበዳሪ ባንክ ገንዘቡን የሚያሰላው በመጀመሪያው፣ ቢበዛ በሁለተኛው ላይ ነው። ሦስቱን ደምሮ የቀረበ ሰነድ ለጋዜጣ ርዕስ ይሆናል እንጂ ብድር አያመጣም።

2. አንዱን ጋዝ ለሁለትና ለሦስት ገዥ ቃል መግባት

እዚህ ላይ ካልኩሌተር ማውጣት ይሻላል። በጂቡቲ ዳመርጆግ ታስቦ የነበረው ዓይነት በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የኤልኤንጂ ፋብሪካ፣ ለራሱ የሚያቃጥለውን ጨምሮ፣ በዓመት 160 ቢሊዮን ኪዩቢክ ፊት ያህል ጋዝ ይፈልጋል። በ20 ዓመት 3.2 ትሪሊዮን ይሆናል።

አሁን ደግሞ ማዳበሪያውን እንውሰድ። ከዳንጎቴ ጋር ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ስምምነት የተፈረመበት የጎዴ ፋብሪካ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት ነው የታቀደው። አንድ ቶን ዩሪያ ከ22 እስከ 25 ሚሊዮን ቢቲዩ ጋዝ ይበላል (ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው፤ አንድ ሚሊዮኑ ወደ አንድ ሺህ ኪዩቢክ ፊት ጋዝ ነው)። ስለዚህ ፋብሪካው በዓመት 70 ቢሊዮን ኪዩቢክ ፊት ገደማ፣ በቀን ከ180 እስከ 200 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። በ20 ዓመት 1.4 ትሪሊዮን ነው።

ሁለቱ ሲደመሩ 4.6 ትሪሊዮን። ከላይ ካየነው 4.9 ጋር ሲተያይ ለኤሌክትሪክ፣ ለሲሚንቶና ለተሽከርካሪ የሚተርፈው ኢምንት ነው። ደግሞም መስኩ እስከ መጨረሻው ቀን እኩል አይሰጥም፤ በኋለኞቹ ዓመታት ዕለታዊ ምርቱ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፦ ለእያንዳንዱ ውል በዓመት የተመደበውን መጠን በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ፣ አዲስ የመግባቢያ ሰነድ ከመፈረሙ በፊት ሠንጠረዡን ማየት።

በእኛ ግምት ከሁለቱ የሚሻለው ማዳበሪያው ነው። አገሪቱ ዩሪያን በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች፤ ገዥው አገር ውስጥ ነው፤ ከካሉብ ጎን ካለው የሂላላ ጋዝ መስክ እስከ ጎዴ ያለው የቧንቧ ርቀትም ወደ ባሕር ከሚወስደው እጅግ ያጥራል።

3. የኤሌክትሪክ ማመንጫን ዋና ገዥ ማድረግ

ይህ ከታንዛኒያ የሚቀዳ ስህተት ነው። እዚያ በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘው የሶንጎ ሶንጎ ጋዝ በ2004 ዳሬሰላም የደረሰው በዋናነት ለኤሌክትሪክ ነበር፤ ድርቅ የውኃ ኃይሉን ሲያዳክመው በውድ ነዳጅ ያመነጩ ነበርና ተሳክቶላቸዋል። ኢትዮጵያ ግን 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. አስመርቃለች። በውኃ የሚመነጨውን ርካሽ ኃይል በጋዝ መወዳደር አይቻልም። 500 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ዘመናዊ የጋዝ ጣቢያ ቀን ከሌሊት ቢሠራ በቀን 80 ሚሊዮን ኪዩቢክ ፊት ይወስዳል፤ ለድርቅ ዓመት መጠባበቂያ ብቻ ከሆነ ግን በዓመት ሁለት ወር ሠርቶ አሥር ወር ይቆማል። ሁለት ወር የሚገዛ ደንበኛ የቧንቧ ዕዳ አይከፍልም።

4. ገዥ ሳይፈርም ቧንቧ መዘርጋት

በታንዛኒያ ከደቡቧ ምትዋራ እስከ ዳሬሰላም የተዘረጋው ባለ 36 ኢንች ቧንቧ በ2015 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በቀን 784 ሚሊዮን ኪዩቢክ ፊት ማስተላለፍ ይችላል፤ ለዓመታት የተጓዘበት ግን የዚህ ጥቂቱ ነበር። ቧንቧ ባዶም ሆነ ሙሉ ዕዳው ያው ነው።

ለምሳሌ ዕዳውንና ጥገናውን ለመሸፈን በዓመት 225 ሚሊዮን ዶላር የሚያስፈልገው መስመር እንበል። በቀን 450 ሚሊዮን ኪዩቢክ ፊት ካጓጓዘ የማጓጓዣ ዋጋው በሺህ ኪዩቢክ ፊት 1.37 ዶላር ነው። ግማሹን ብቻ ካጓጓዘ 2.74 ይሆናል። ጭማሪውን ወይ ገዥው ይሸከማል፣ ወይ አምራቹ ከጉድጓድ ዋጋው ላይ ያጣዋል፣ ወይ መንግሥት ይደጉማል። ስለዚህ ገዥው ቢወስድም ባይወስድም ቢያንስ ከመጠኑ 80 በመቶ የሚከፍልበት ውል ሳይፈረም የቧንቧው ብረት አይታዘዝ።

5. ጋዙ ሁሉ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል ብሎ ማሰብ

"ጋዝ ከወጣ ቡታ ጋዝ ይረክሳል" የሚለው አባባል በስፋት ይነገራል። ቡታ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በተራ ሙቀት፣ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ይሆናል። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን ከ82 ዲግሪ ከዜሮ በታች ካልቀዘቀዘ በምንም ግፊት ፈሳሽ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት መንገድ ብቻ አለ፦ በ200 ወይም በ250 ባር አምቆ ሲኤንጂ ማድረግ፣ ወይም እስከ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ መጠኑን ወደ አንድ ስድስት መቶኛ በመቀነስ ኤልኤንጂ ማድረግ። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ለ200 ባር አልተሠራም። ሞክሮ የሚሞላ ሰው ቢገኝ ሲሊንደሩ ይፈነዳል።

ምድጃውም አይገጥምም። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ቡታ ጋዝ ከአንድ ኪዩቢክ ሜትር የተፈጥሮ ጋዝ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ የቡታ ጋዝ ምድጃ የመርጫ ቀዳዳው ጠባብ ነው። በዚያ ቀዳዳ ሚቴን ሲያልፍ ነበልባሉ ይኮሰምናል፤ ቀዳዳውና የግፊት መቆጣጠሪያው መቀየር አለባቸው። የደኅንነት ነገርም ይገለበጣል። የቡታ ጋዝ ፍሳሽ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ የሞቀ ሚቴን ደግሞ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ጠቋሚ መሣሪያውን ለቡታ ጋዝ ከወለል አጠገብ፣ ለተፈጥሮ ጋዝ ከጣሪያ ሥር ነው መስቀል።

ለቤት ሲሊንደር የሚሆን ነገር ከካሉብ የሚገኘው ከጋዙ ውስጥ ፕሮፔንና ቡቴኑ በማጣሪያ ሲለይ ነው። የማጣሪያው ንድፍ ሲወጣ ይህ ክፍል "ለኋላ ይቆይ" ተብሎ ከተዘለለ፣ በኋላ መጨመሩ ከመጀመሪያው ይልቅ በብዙ ይወደዳል።

6. የቦቴውን ሂሳብ መርሳት

የመጀመሪያው ምዕራፍ ማምረቻ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ኤልኤንጂ እንደሚያመርት ተገልጿል። ቁጥሩ ግዙፍ ይመስላል። በክብደት ወደ 50,000 ቶን ነው፤ በጋዝ በቀን 7 ሚሊዮን ኪዩቢክ ፊት ገደማ። በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ) የሚያመርት አንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 9 ሚሊዮን ያህል ይፈልጋል። ማለትም የምዕራፉ ምርት በሙሉ አንድ ትልቅ ሲሚንቶ ፋብሪካን አያጠግብም። በናፍጣ ሲመነዘርም አንድ ሊትር ናፍጣን ለመተካት 1.6 ወይም 1.7 ሊትር ኤልኤንጂ ያስፈልጋል።

ምርቱ በቀን 304,000 ሊትር ነው። አንድ ተሳቢ ከ45,000 እስከ 50,000 ሊትር ቢጭን በየቀኑ ስድስት ሰባት ቦቴ መነሣት አለበት። ከካሉብ አዲስ አበባ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መጫን፣ መሄድ፣ ማራገፍና መመለስ ሰባት ቀን ከፈጀ ከ42 እስከ 49 ቦቴ ሁልጊዜ ሥራ ላይ መሆን አለበት፤ ጥገና ላይ የሚቆሙትን ሳይጨምር። ቦቴ ካነሰ ማምረቻው ታንኩ ሞልቶ ይቆማል።

ቦቴውም የናፍጣ ቦቴ አይደለም። ባለ ሁለት ግድግዳ ነው፤ በመካከሉ ያለው አየር ተስቦ ወጥቷል። ያም ሆኖ ሙቀት በጥቂቱ ይሰርጋል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻ የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ጋዙ ወደ አየር ይለቀቃል። ተሳቢው ኬላ ላይ ወይም ጎርፍ በቆረጠው መንገድ ላይ ለቀናት ከቆመ ገንዘብ እየተነነ ነው። ሾፌሩ የግፊት መለኪያውን በየፌርማታው ይመዝግብ። በውጭኛው ግድግዳ ላይ ውርጭ ወይም ላብ መሰል እርጥበት በአንድ ቦታ ከታየ ክፍተቱ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ያ ቦቴ በቀጣዩ ጭነት አይወጣም። ሲያራግፉም ታንኩን እስከ ጠብታው አያሟጥጡት። ከታች ትንሽ ፈሳሽ ካልቀረ ታንኩ ይሞቃል፤ የሞቀ ታንክ እንደገና ቀስ ብሎ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታትና ጋዝ ይባክናሉ።

በገዥው ግቢ የሚያስፈልገው ማከማቻ ታንክ፣ ማትነኛ፣ የግፊት መቆጣጠሪያ እና ሽታ መጨመሪያ ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኤልኤንጂ ሽታ የለውም፤ ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር በዚያ ቅዝቃዜ ስለሚረጋ ከተነነ በኋላ ነው የሚጨመረው። ያለ እሱ ፍሳሽን አፍንጫ አይለየውም።

7. ዋጋውን ከባሕር ጀምሮ ወደ ጉድጓዱ አለማስላት

የውጭ ገበያ ዋጋ ሲጠቀስ "በሚሊዮን ቢቲዩ 9 ዶላር" ይባልና ያ ሁሉ ወደ አገር የሚገባ ይመስላል። ለማሳያ ያህል፦ ከ9 ዶላሩ ላይ መርከቡ 1፣ ማቀዝቀዣው 3.50፣ ቧንቧው 1.50 ቢወስዱ ጉድጓዱ ጋ የሚደርሰው 3 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ነው ሮያሊቲው (ከምርቱ ለመንግሥት የሚከፈለው ድርሻ)፣ የኩባንያው ወጪ ማስመለሻና የትርፍ ክፍፍሉ የሚነሣው። ዋጋው ወደ 6 ከወረደ ጉድጓዱ ጋ ዜሮ ነው።

በአገር ውስጥ ሽያጭ ችግሩ ሌላ ነው። አምራቹ ዕዳው በዶላር ነው፣ ገዥው የሚሸጠው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ በብር ቋሚ ዋጋ የተፈራረሙ ሁሉ ምን እንደደረሰባቸው ይታወቃል። ውሉ ዋጋውን በሚሊዮን ቢቲዩ ያስቀምጥ፤ የምንዛሪ ማስተካከያው በየስንት ወሩ፣ በየትኛው ባንክ ተመን እንደሆነ ይጻፍ።

8. ለሁሉም አንድ ዓይነት ማጣሪያ ይበቃል ማለት

ለቧንቧ ጋዝ ውኃውንና ከባዱን ፈሳሽ ማውጣት በአመዛኙ ይበቃል። ለኤልኤንጂ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሚሊዮን 50 እጅ በታች፣ ውኃው ከሚሊዮን አንድ እጅ በታች መውረድ አለበት፤ አለዚያ በማቀዝቀዣው ውስጥ በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል። ሜርኩሪ ካለ ደግሞ የአሉሚኒየሙን ሙቀት መለዋወጫ ይበላዋል። የጉድጓዱ ናሙና ለእነዚህ ሁሉ ሳይመረመር መሣሪያ አይታዘዝ።

9. የአካባቢውን ሰው መጨረሻ ላይ ማስታወስ

በምትዋራ ጋዙ በቧንቧ ወደ ዳሬሰላም ሊሄድ ነው ሲባል በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ረብሻ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፣ ሠራዊት ገባ። ሕዝቡ ያነሣው ጥያቄ "ለእኛ ምን ይቀራል?" የሚል ነበር። በእኛ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 ከፔትሮሊየምና ከጋዝ ሥራ የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ ፌዴራልና ክልል በጋራ እንዲጥሉና እንዲሰበስቡ ይላል። በጋራ የተሰበሰበው ለክልሉ ስንት፣ ለወረዳው ስንት እንደሚደርስ ከምርት በፊት በቁጥር ካልተነገረ ጥያቄው በኋላ በቁጣ ይመጣል።

ከገንዘቡ በፊት ግን ውኃ ነው። አርብቶ አደሩ ራሱም ከብቱም የሚጠጡት ከብርካ (የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ገንዳ) እና ከጥቂት ጉድጓዶች ነው። የቁፋሮ ጭቃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍበት፣ ግመል እንዳይገባበት ይታጠር፣ ሥራው ሲያልቅ ይመጠጥ እንጂ አፈር አይልበሱት። የድሮዎቹ ጉድጓዶች የብረት ቱቦና ሲሚንቶ አርጅቷል፤ በቱቦዎቹ መካከል ግፊት እንዳለ በመለኪያ ይታይ፣ ካለ ይጠገን ወይም በሲሚንቶ ይደፈን። ማንኛውም አዲስ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በዙሪያው ካሉ ብርካዎችና የውኃ ጉድጓዶች ናሙና ተወስዶ ጨዋማነቱ፣ ክሎራይዱና ባሪየሙ ይመርመር። ናሙናው የአገር ሽማግሌዎች ባሉበት በሁለት ጠርሙስ ይታሸግና አንዱ እነሱ ዘንድ ይቀመጥ። ይህ ካልተደረገ ከሦስት ዓመት በኋላ ከብት ሲሞት ኩባንያው ንጽሕናውን፣ ነዋሪውም ጉዳቱን ማስረዳት አይችሉም።