ወረዳና ነዋሪ እንዳይግባቡ የሚያደርጉ ስህተቶች (የኛም አሉበት)

አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈራችን የኮብልስቶን ኮሚቴ አባል ሆኜ ሁለት አመት ሰርቻለሁ፣ የቱ ወረዳ እንደሆነ ይቅር። ነዋሪው የድርሻውን ያዋጣል ቀሪውን መንግስት ይሸፍናል የሚባለው አሰራር ነው፣ ታውቁታላችሁ። ብር መሰብሰቡ ነበር ከባድ የመሰለኝ፣ ለካ ከባዱ የወረዳውን ነገር ለሰፈር የሰፈሩን ነገር ለወረዳ ማድረስ ኖሯል።

የመጀመሪያው ስህተት "እንደ ግብአት ወስደነዋል" የምትለዋ ናት። ቅዳሜ ማታ ሞንታርቦ የጫነ ፒካፕ ሲዞር ያመሻል፣ እሁድ ጠዋት አዳራሽ እንገባለን፣ ሪፖርት ሁለት ሰአት ሙሉ ይነበብልናል፣ ከዛ ሰአት ስለሄደ "አስር ጥያቄ እንሰብስብና አንድ ላይ እንመልሳለን" ይባላል። አንዲት እናት ስለ ቱቦ ጠየቁ፣ አንዱ ስለ መታወቂያ፣ አንዱ ስለ ጎረቤቱ ውሻ (አዎ፣ ውሻ)፣ መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፣ ገንቢ ሀሳብ ነው እንደ ግብአት ወስደነዋል። የቱቦዋ እናት ሁለተኛ ድርሽ አላሉም፣ ወረዳው ደሞ ህዝቡ ተሳትፎ የለውም ይላል። በ1967 ቀበሌ ከተቋቋመ ጀምሮ እኮ ተጠርተን የምንሰማበት ቦታ እንጂ ጠይቀን መልስ የምናገኝበት ሆኖ ብዙም አልለመድነውም። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ጥያቄው ሲነሳ እዛው ሰው ፊት ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ማን እንደያዘውና መቼ እንደሚመለስ አብሮ ይጻፍ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ ከዛ ወረቀት ይጀምር። ሪፖርቱን በር ላይ ለጥፉልን፣ ማንበብ እንችላለን።

ሁለተኛው "አይሆንም" ማለትን መፍራት። ለኔ ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ባለሙያው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ይሉኝታ ይይዘዋል ወይ አለቃውን ይፈራል፣ ስለዚ ሰኞ ብቅ በል ይልሃል፣ ሰኞ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሐሙስ ሲስተም የለም። የኛ መንገድ በዛ አመት በጀት ውስጥ አለመግባቱ ሐምሌ 1 ላይ የታወቀ ነገር ነው፣ እኛ የሰማነው ጥር ላይ! ስድስት ወር ሙሉ "በሂደት ላይ ነው" ስንባል ሰፈሩ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ኮሚቴው ብሩን በላው። ጎረቤቴ ጋሼ ቤቴ ድረስ መጥተው "ልጄ፣ አምንሃለሁ፣ ግን የባንክ ደብተሩን አሳየኝ" አሉኝ። አሳየኋቸው፣ አገላብጠው አዩት፣ ሻይ ጠጡና ሄዱ፣ እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐምሌ ላይ አንድ ደብዳቤ "ዘንድሮ አትገቡም" ቢለን ኖሮ እንናደድ ነበር እንጂ አንጠረጣጠርም ነበር።

የኛ የነዋሪዎች ትልቁ ስህተት ደሞ በቃል መናገር ነው። "ለሊቀመንበሩ ነግሬዋለሁ" እንላለን፣ ሊቀመንበሩ በሁለተኛው ወር ይዛወራል፣ አዲሱ ሰውዬ ምኑንም አያውቅም፣ ደጅ ጥናቱ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚ ጻፉ፣ ካልሆነ ራፖር ጸሐፊ ጋ ሄዳችሁ አስጽፉ፣ ግን አንድ ማመልከቻ ላይ አንድ ጉዳይ ብቻ፣ ቱቦውንም ካርታውንም የጎረቤት አጥሩንም አንድ ገጽ ላይ ካጨቃችሁት ሶስት ቢሮ "የኔ አይደለም" ይላችኋል። ሁለት ኮፒ አድርጉት፣ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። የመረጃ ነጻነት አዋጁ (590/2000) መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ያዛል፣ ግን ቀን የሌለው ወረቀት ይዛችሁ 30ውን ከየት ጀምራችሁ ልትቆጥሩ ነው? ካልመለሱላችሁ ቅሬታ ሰሚ አለ፣ ከዛ በላይ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ እነሱም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ያቺኑ ወረቀት ነው።

በተረፈ የተሳሳተ በር አታንኳኩ፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወረዳ ሄዶ መጮህ ዋጋ የለውም፣ 905 ደውሉ።

የመጨረሻው ማስታወቂያን ቴሌግራም ላይ ብቻ ለቆ "አሳውቀናል" ማለት። ሰፈራችን ውስጥ ግማሹ ሰው ስማርት ስልክ የለውም፣ ያለውም ዳታ አይሞላም። በቀጣዩ አመት ስራው ሊጀመር ሲል የወረዳውን ደብዳቤ ለእድራችን ጥሩምባ ነፊ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበውና "ቀኑ የታለ?" አለኝ፣ ፈልገን ፈልገን ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘነው። በነጋታው ሌሊት ጥሩምባውን ነፍቶ "ማክሰኞ መንገድ ይቆፈራል፣ መኪና ያላችሁ ሰኞ ማታ አውጡ!" አለ። ሰኞ ማታ አንድም መኪና አልቀረም።